ያልተመለሰ ስድብ

ሱቫ፣ ማርች 4 ቀን 1991

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለቲቲሊያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ፣ ባለቤቴ ኢሶአና ልጆቹ፣ ከዝናቡና ከሳሉ በቀር ደህና ነን። የግቢው ወንዶች በሙሉ፣ ከነዝገታቸውና ከነቀለማቸው፣ ሰላም ብለውሻል። «ቀሚስ መርከብ ሊጎትት ሄደ» እያሉ ሲስቁ ሰንብተው አሁን ሌላ የሚሳቅበት ነገር አግኝተዋል።

ወደብ ድረስ መጥቼ ያልሸኘሁሽ ትንሹ ልጄ ስላተኮሰው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ጽፌ ሳበቃ ኢሶአ ከትከሻዬ በላይ አነበበና «ልጁ ያን ቀን ኳስ ሲጫወት አልነበር የዋለው?» አለኝ። እንግዲህ እውነቱን እወቂው፤ ልጁ ኳስ ሲጫወት ነው የዋለው፤ ያተኮሰው እኔን ነው።

«ተቀይመሽኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምን ያስቀይመኛል? ድርጅታችን ሳቩሳቩ ላይ ሁለተኛ የመርከብ ጥገና ግቢ ከፈተ፤ ሥራ አስኪያጇ ሴት ትሁን ተባለ፤ ሴቷ አንቺ ሆንሽ። እዚህ ግቢ ቀድሜሽ የገባሁት እኔ ነኝ። መርከብ በሀዲዱ ላይ ተጎትቶ ሲወጣ ሆዱን በመዶሻ እያንኳኩ የሳሳውን ብረት በጆሮ መለየት ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ወንዶቹ ባርኔጣሽ ውስጥ ግሪስ ሞልተውልሽ ስታለቅሺ ፀጉርሽን ያጠበልሽ ማን ነበር? ይሄን ሁሉ የማነሳው ውለታ ለማስመለስ አይደለም። ብቻ ሳነሳው ደስ ይለኛል።

አለቃችንን ሚስተር ዊላንን ቢሮው ገብቼ ጠየቅኩት። «አንቺ ባልና ልጆች አሉሽ፤ ባሕር ተሻግረሽ መሥራት እንደማትችይ ገምተን ነው» አለኝ። ገመቱ! አንድ ሰው አፉን ከፍቶ አልጠየቀኝም። እሱ ራሱ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከሲድኒ ድረስ ሲመጣ ማን ገመተለት?

ኢሶአ «ይሄ እኮ ቅናት ነው» ይለኛል። ይሁና! ቅናት እንግዳ ነው እንዴ፣ ደጅ ቆሞ «ልግባ ወይ» የሚል?

ለመሆኑ ቤቱ በረንዳ አለው? ወንበርሽስ የሚሽከረከር ነው አሉ፤ እውነት ነው? ከመሄድሽ በፊት ዊላን ስለ እኔ ጠይቆሽ እንደነበርም ሰምቻለሁ። ምን አልሽው?

የአክስትሽ ልጅ
አሉሚታ


ሳቩሳቩ፣ ማርች 21 ቀን 1991

ውድ አሉሚታ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ምርቃቱም ኩርኩሙም። ሰላም ላንቺ፣ ለኢሶአ፣ ኳስ እየተጫወተ ለሚያተኩሰው ልጅም። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ በማዕበሉ ምክንያት የፖስታዋ መርከብ ቀርታ ነበር።

ቤቱ በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ያው እኔ ብቻ ነኝ። ወንበሩም ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከርበት ግን ሌላ ሰው ነው። ልንገርሽ።

እዚህ አፒሳይ የሚባል የሠራተኞች አለቃ አለ፤ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ድምፁ ከጥሩምባ የሚበልጥ፣ ናይሶጎ ከሚባል መንደር። እኔ «ጀምሩ» ስል ወንዶቹ እሱን ያዩታል፤ እሱ አገጩን ሲነቀንቅ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ቀን ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአባትሽ መንደር ማን ይባላል አለኝ፤ ናሴንጋ አልኩት። ዓይኑ ቦግ አለ። ከዚያ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸ፦ «ናሴንጋ! እናንተ ጭቃ ውስጥ ሸርጣን የምትለቅሙ! ደሴታችሁ ሰጥማ ነው እንዴ እኛን ልታዢ የመጣሽው? ለመሆኑ እግርሽን ታጥበሻል?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ወደ ቢሮዬ ገባሁ። በማግስቱ ወንበሬን መርከብ የሚጎትተው ማሽን፣ ዊንቹ፣ ያለበት ቤት ወስዶ ሲሽከረከርበት አገኘሁት። ከዚያ ምሳዬን በላብኝ፤ በኮኮናት ወተት የሠራሁትን የጎደሬ ቅጠል። በልቶም «ጨው ያንሰዋል» አለኝ። አሁን ደግሞ ጃንጥላዬን ይዞ ይዞራል፤ እኔ በዚህ ዶፍ ራሴን በጋዜጣ ሸፍኜ እሮጣለሁ። ሌሎቹ «ማዳም» ብለው ባርኔጣ ያነሳሉ። እሱ ግን «አንቺ» ነው የሚለኝ።

የተሾምኩት ለሙከራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ኦገስት ላይ ዊላን መጥቶ ያያል፤ ከዚያ ወይ ያጸድቅልኛል ወይ ወደ ሱቫ ይመልሰኛል። እንደዚህ ሆኜ ካገኘኝ ምን እንደሚል አንቺው ገምቺ።

አባቴ ሲሞት ገና አፌን አልፈታሁም ነበር፤ እናቴ ወደ ሱቫ ይዛኝ መጣች፤ መንደሩን ረግጬው አላውቅም። አንቺ ግን ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ናሴንጋ እሱ ዘንድ ነበር የምትከርሚው። እስቲ ንገሪኝ፤ አባቴ ከዚህ አገር ሰው የበደለው አለ? የመንደራችን ስም ይሄን ሰውዬ ምን አድርጎት ነው?

ዊላን ስለ አንቺ ጠይቆኝ ነበር። ምን እንዳልኩት ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ቲቲሊያ


ሱቫ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1991

ለተሽከርካሪው ወንበር የቀድሞ ባለቤት፣

ሰላም ብያለሁ። ቶሎ ያልመለስኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አዲስ ፎርማን መጥቶልናል፤ ጢሙ ገና እየበቀለ ያለ። «አክስቴ፣ አክስቴ» እያለ የመርከቦቹን ሪፖርት እኔን ያስጽፈኛል፤ ፊርማው የሱ ነው፤ ምስጋናውም የሱ ነው። የማንኳኳው እኔ፣ የምሰማው እኔ፣ ዊላን ትከሻውን መታ መታ የሚያደርገው እሱን።

ወንበሬን ቀሙኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። የእኔ ወንበር እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነው። ወንበር የተቀማ ሰው ቢያንስ ወንበር ነበረው ማለት ነው።

ደብዳቤሽን ለኢሶአ አነበብኩለት። የምሳሽ ነገር ላይ ሲደርስ በሳቅ ሊሞት ነበር። «ንገሪያታ!» ይለኛል። የሚነገር ምን አለ? እሱ መንገድ ላይ ፍየል ቢያይም ይስቃል።

አጎቴን ሴሩን የሚጠላ ሰው አላውቅም። ሳቂታ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለኝም። ዓይኑ ቦግ አለ ያልሽውም፣ የሽማግሌ ዓይን ምን ይታመናል፤ ፀሐይ ገብቶበት ይሆናል።

ምክር ከፈለግሽ ግን አለኝ። ዝም በይው። ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛ ጋር አፍ አትካፈትም። አንድ ጊዜ ስድብ ከመለስሽ «ባለጌ ሴት» ብለው ይለጥፉብሻል፤ እሱ ደግሞ እንደ ግሪስ ታጥቦ አይለቅም። ወንድ ቢሳደብ ቆፍጣና ነው፤ እኛ ብንሳደብ አሳዳጊ የበደለን ነን። አንገትሽን ቀና አድርገሽ፣ እንዳልሰማ ሆነሽ እለፊ። ምሳሽንም ቢሮሽን ቆልፈሽ ብዪ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል አልሰማሽም?

ዊላን እኔንም ጠርቶኝ ነበር። ምን እንዳለኝ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። እንዲህ ሲባል ደስ ይላል አይደል?

አሉሚታ


ሳቩሳቩ፣ ሜይ 18 ቀን 1991

ውድ አሉሚታ፣

እንደምን አለሽ? ስለቆየሁ ይቅርታ፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚጻፈው ነገር ያሳፍረኝና እተወዋለሁ።

ምክርሽን ተቀብዬ ነበር። ዝም አልኩ። አፒሳይ ሲጮህብኝ ሰማይ ሰማይ አየሁ። ወንበሬን ሰው ልኬ አስመለስኩ። ምሳዬን ቆልፌ በላሁ። አንድ ቀን መጥቶ በሩን ደበደበና «አንቺ የሸርጣን ዘር! የዛሬው ቅጠል ጨው አለው?» አለ። ከውስጥ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሳደቡን ተወ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከስድቡ የባሰው ይሄ ሆነ። አሁን «እርስዎ» ነው የሚለኝ። «እርስዎ እንዳሉ» ይላል፤ ያልኩት ግን አይሆንም። ወንዶቹም ባርኔጣ ማንሳቱን ተዉት። ማታ ማታ የያንጎና መጠጣቸውን ከብበው ሲጠጡ በአጠገባቸው ሳልፍ ጨዋታው ቀጥ ይላል። አንድ ቀለም ቀቢ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አፒሳይ ዘመድ መስለሽው ነበር፤ አንቺ ግን ከነጮቹ ወገን ነሽ።» ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አንቺስ ይገባሻል?

ባለፈው ሳምንት የደረቀ ኮኮናት ነጋዴው ጀልባ ወደ ላይ ስትጎተት «ዊንቹን አቁሙ» ብዬ ጮህኩ። ዊንቹን የያዘው አፒሳይን አየ። አፒሳይ ባሕሩን አየ። የሆነውን ዝርዝር አልጽፍልሽም። ሰው አልተጎዳም። ጀልባዋ ግን በጎኗ ተኝታለች፤ ነጋዴው ስሜን እያጠፋ ከተማውን አዳርሷል።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ከዚህ ጋር ያለው የታሸገ ፖስታ ለዊላን ነው፤ አፒሳይ ይሰናበትልኝ የሚል። በድርጅቱ የደብዳቤ ቦርሳ ብልከው ጸሐፊዎቹ ቀድመው ያነቡታል። በእጅሽ ስጪልኝ። ከአንቺ ሌላ የማምነው የለኝም።

አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ፤ በግልጽ ስለምትናገሪው ደስ ይለኛል። እኔም ልንገርሽ። ማታ ቤትሽ ገብተሽ «ዛሬ እንዲህ ተደረግኩ» ስትይው የሚስቅልሽ ሰው አለሽ። እኔ ለበረንዳው ነው የምነግረው።

ቲቲሊያ


ሱቫ፣ ጁን 6 ቀን 1991

ይድረስ ለቲቲሊያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን። የትልቋ ልጄ ጥርስ ተነቅሏል፤ ጣራው ያፈስሳል፤ ኢሶአ የሚነዳው አውቶቡስ እንደገና ተበላሽቷል።

ፖስታው ደርሶኛል። ዊላን ሲድኒ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል ተብሏል። እስከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቆልፌበታለሁ።

ዊላን ያለኝን ልንገርሽ ብዬ ነበር። እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ምናልባት የሳቩሳቩዋ ካልሆነላት፣ አንቺ ባሕር መሻገር ትችያለሽ?» ልጆቼ ዋና ይችላሉ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከምሬ ነበር።

ይሄን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው። የመሳቢያው ቁልፍ በአንገቴ ላይ ነው፤ ስጎነበስ ደረቴን ይነካኛል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ትዝ ትይኛለሽ።

ቀለም ቀቢው ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። የቀለም ቀቢ ወሬ ምን ብዬ እተረጉማለሁ? ደግሞስ አንዴ ከቆረጥሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?

የመኝታ ቤቱ መስኮት ስፋቱ ምን ያህል ነው? መጋረጃው ከቤቱ ጋር የመጣ ነው ወይስ የራስሽ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

አሉሚታ


ሳቩሳቩ፣ ጁን 23 ቀን 1991

ለተከበሩ ወይዘሮ አሉሚታ፣

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎና ቤተሰብዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአቶ አፒሳይ እናት ዐርፈው ናይሶጎ ለቀብር ሄጄ ነበር። የማሰናብተው ሰው ቢሆንም ሐዘን ሐዘን ነው ብዬ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ምንጣፍ ተሸክሜ ሄድኩ። በሩ ላይ ስሜንና መንደሬን ስናገር የሐዘንተኞቹ ሴቶች ተነሱ። አንዷ ባልዲ ውኃ ደፋችብኝ። ሌላዋ ዱቄት ፊቴ ላይ በተነች። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «የሴሩ ልጅ! አባትሽ የሰረቀንን አሳማ መልሺ!» እያሉ ሰዓቴን ከክንዴ ፈቱት። ሬሳው መሐል ቤት ተጋድሞ እነሱ ይስቃሉ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሮጊቷ ማልቀሴን ሲያዩ ደነገጡ። «ልጄ፣ ማንም አልነገረሽም?» አሉኝ።

ታውቩ ምን እንደሆነ ሱቫ ያደግኩት እኔም አውቃለሁ። የጥንት አማልክቶቻቸው ዘመዳሞች የነበሩ ሁለት መንደሮች እስከ ዛሬ እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቅ ያነሳል፤ ነውሩ መቆጣት ነው፤ ከመቆጣት የባሰው ነውር ደግሞ ዝም ማለት ነው። ናሴንጋና ናይሶጎ ታውቩ መሆናቸውን ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ሰውዬው የሚሰድበኝ «የኔ ነሽ» ለማለት ነበር። ምሳዬን የበላው ዘመዴ ስለሆነ ነበር። እኔ በሩን ቆለፍኩበት። በሠራተኞቹ ዓይን ዘመድ የካድኩ ሴት ሆንኩ። የማይታዘዙኝ ሴት ስለሆንኩ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ነበረበት፤ ይሄኛውን ግን በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። በእርስዎ ምክር።

እርስዎ ያውቁ ነበር። ያደጉት በዚያ ስድብ ውስጥ ነው። ባለቤትዎ «ንገሪያታ» ያለው ይህንን ነበር።

ዊላን ስለ እርስዎ ሲጠይቀኝ ያልኩትን አሁን ልንገርዎ። «አሉሚታ ትበልጠኛለች፤ እሷን ላኩ» ነበር ያልኩት። «አንዷን እንሞክር፤ ካልሆነላት የሁለተኛዋ ጉዳይ አብሮ ያበቃል» አለኝ። ያልነገርኩዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነበር። ለእርስዎ ስለ ባሕር መሻገር ያነሳብዎት ይኸው ሰው ነው።

እርስዎ በወንበሬ ይቀናሉ። እኔ የምቀናው በአባቴ ነው። የእኔ አባት የእርስዎ ነበር። ድምፁን ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚስቅ ያውቃሉ። እኔ ያለኝ ለመታወቂያ የተነሳው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ አይስቅም። ይህቺን አንዲት ነገሩን እንኳ ከለከሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ፖስታውን ለዊላን ሰጥተውታል?

ቲቲሊያ


ሱቫ፣ ጁላይ 1 ቀን 1991

ቲቲ፣

በዚህ ግቢ ስንት ዓይነት ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ «እርስዎ» ያለ ግን አልሰማሁም። አንብቤ ስጨርስ ኢሶአ ሩዙን አወጣልኝ፤ አልበላሁም። «እንኳን!» አለኝ። ደግ ባል ነው የሰጠኝ።

አልሰጠሁትም። ይኸው፣ እንደታሸገ፣ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ግን ቅድስት አታድርጊኝ። ዊላን ከሲድኒ የገባ ቀን ጥሩ ጫማዬን አድርጌ፣ ፖስታሽን ይዤ ሄጃለሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እንግዳ አለው። ኮቴዬን ሲሰማ ቀና ሳይል «ሻይ? ጎበዝ ልጅ፤ ሁለት አድርጊው» አለኝ። ስንት መርከብ አንኳኩቼ ያዳንኩለት ሰው! ተመልሼ ሻዩን አፈላሁ። ትሪው ላይ ሁለት ስኒ፤ ስኒዎቹ መሐል ያንቺ ፖስታ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ያቺ ዘፍና ዘፍና የዮሐንስን ራስ በወጭት ያስቀረበች ልጅ እንኳ ሻይ አብራ ቅጂ አላሏትም። ያንቺን ራስና የሱን ሻይ በአንድ ትሪ ልይዝለት? ፖስታውን ጡቴ ሥር ከተትኩት።

ሻዩን ሳስቀምጥለት «ሳቩሳቩ እንዴት ናት?» አለኝ። «ሰላም ናት» አልኩት። ለአንቺ ብዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ በአንቺ ላይ ከዋሸሁት ጋር አቻችይልኝ።

እንግዲህ ለሁለታችንም አንድ ወንበር ቆርጦልን፣ እሱንም እያሽከረከረ፣ አንዳችን አንዳችንን እስክንጥል ጠብቋል ማለት ነው። እኔም ተፍ ተፍ ብዬለታለሁ። ይሄን ሳስብ ያንን ሻይ መልሼ በጨው አፍልቼ ባጠጣሁት እላለሁ።

አዎ፣ አውቅ ነበር። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አንብቤ ከሳቅሁ በኋላ ነው የደበቅሁት፤ ይሄን እወቂው። ሳቄ ሳያልቅ ቅናቱ ደረሰበት። በረንዳው ላንቺ፣ ወንበሩ ላንቺ፣ አሁን ደግሞ የአጎቴ ሳቅ ላንቺ ይሁን? እሱን እንኳ ለኔ ተዪልኝ አልኩ። ያንቺ አባት መሆኑን ረሳሁት ብልሽ ውሸት ነው። አልረሳሁትም።

ቅናቴ አልወጣልኝም፤ ወጣልኝ ብልሽ አትመኚኝ። መጋረጃውን አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን ያንቺን ነገር መልሼ ልስጥሽ።

ናሴንጋ የባሕሩ ዳር አሸዋ ጥቁር ነው። የናይሶጎ ጀልባ ገና ከሩቅ ስትታይ አባትሽ ከቤት ይወጣል። አይሮጥም። እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ ወደ ሰማይ ያያል፤ ልክ ሊጸልይ እንደተነሳ ሰው ረጋ ብሎ ይጀምራል፦

«የናይሶጎ ሰው ሞቶ እንኳ የምሳ ደወል ሲሰማ ይነሳል! ቀብሩን ከሰዓት በኋላ አድርጉት!»

«ከሰዓት በኋላ» የምትለዋን ዝቅ አድርጎ ነው የሚላት፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው። ሳቁ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ከጀልባው ላይ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ፣ ውኃ ውስጥ እየዘለሉ ይወርዱና ይዘውት መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ሌላ ሰው ይህን ስድብ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የራሱ ነበር።

አፒሳይ ሐዘን ላይ ነው ብለሽ እንዳትፈሪ። አሁን ነው የሚባለው። ድምፅሽን ዝቅ ማድረጉን አትርሺ።

ከአባትሽ እኔ ዘንድ የቀረው ይሄ ነበር። አሁን ካንቺ ጋር ነው።

አሉሚታ


ሳቩሳቩ፣ ጁላይ 15 ቀን 1991

አንቺ ምቀኛ፣

ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ገና ነኝ። ሌሊት ሲዘንብ ትዝ ይለኝና እንደገና እናደዳለሁ። ፖስታውን ቀድጄዋለሁ። መጋረጃው ከቤቱ ጋር የመጣ ነው፤ አበባ አለው፤ አስቀያሚ ነው። አሁን ደስ ይበልሽ።

ሰኞ ጠዋት የነጋዴውን ጀልባ ልናነሳ ሁሉም ሀዲዱ ዳር ቆመዋል። አፒሳይ በግራ እጁ መዶሻ፣ በቀኝ እጁ ጃንጥላዬን ይዟል። «እርስዎ ሲያዙ እንጀምራለን» አለኝ።

እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ። ወደ ሰማይ አየሁ። እንዳልሽኝ አድርጌ አልኩት፤ መጨረሻዋንም ዝቅ አድርጌ።

ማንም አልሳቀም። ዊንቹን የያዘው ሰውዬ አፉ ተከፍቶ ቀረ። አፒሳይ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። እናቱን ከቀበረ ገና አንድ ወር አልሆነውም፤ አበቃልኝ አልኩ። አሉሚታ ለሁለተኛ ጊዜ አታለለችኝ ብዬ ስምሽን በክፉ አንስቻለሁ።

ከዚያ «ሴሩ ሞቷል ያለኝ ማን ነው?» አለ።

ሀዲዱ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለይሽም፣ ሁለቱም መሰለኝ። ወንዶቹ ግን ፈነዱ። ቀለም ቀቢው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረ። አፒሳይ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ተነስቶ ጮኸ፦ «ምን ትገተራላችሁ! ይቺ የሸርጣን ለቃሚ ልጅ ስታዝ አልሰማችሁም? ዊንቹን ያዙ!» እኔ «አቁሙ» ስል ቆመ። «ሳቡ» ስል ተሳበ። አፒሳይ ባሕሩን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ጀልባዋ ወደ ላይ ወጣች።

ዊላን ኦገስት ላይ ሲመጣ የሚላትን እናያለን። እኔ ግን የምለውን አውቄያለሁ፦ ይሄ ግቢ ብረት የሚሰማ ጆሮ ያንሰዋል፤ ሱቫ ውስጥ አንድ አለ፤ አመለ ቢስ ነው፤ ላኩልኝ። እስከዚያ ልጆችሽ ዋናቸውን ይለማመዱ።

ያን ቀን ምሳ ላይ በሬን አልቆለፍኩም። አፒሳይ ገብቶ ቅጠሉን እስከ ሳህኑ ድረስ ጠረገውና አባቴ አሳማውን እንዴት እንደሰረቀ ነገረኝ። እየነገረኝ አባቴን አስመስሎ ሳቀልኝ፤ ደጋግሞ እንዲስቅልኝ ለመንኩት።

ጃንጥላዬን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።

ቲቲሊያ ሴሩ